የጠፉ እንስሳትን በዘረመል ምህንድስና ስለ መመለስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በኤፕሪል 2025፣ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት የጠፋ ተኩላ ተመልሶ ተወለደ የሚል ዜና ከነፎቶው በየስልኩ ከተሰራጨ ወዲህ ግን፣ ከተማሪዎቼም ሆነ ከወላጆቻቸው፣ አንዳንዴም ቡና ተፈልቶ ከተቀመጥንበት ከጎረቤቶቼ፣ ስለዚህ ጉዳይ ያልተጠየቅኩበት ሳምንት የለም። በየጊዜው በቃል የመለስኩትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ እነዚህን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሰባስቤአለሁ። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጠፋን እንስሳ መመለስ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ አለመግባባቱም የሚጀምረው እነሱን ካለመለየት ነው። የመጀመሪያው ክሎኒንግ ነው። ከእንስሳው በሕይወት ሳለ የተወሰደ፣ ሳይበላሽ የተቀመጠ ሕዋስ ካለ፣ የሕዋሱ ኒውክለስ (ዘረመሉን የያዘው እምብርቱ) የራሱ ኒውክለስ ወደ ወጣለት የቅርብ ዘመድ እንቁላል እንዲገባ ይደረግና፣ ጽንሱ ማሕፀኗን በምታውስ ሌላ እናት ውስጥ ያድጋል። በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው ዶሊ የተባለችው በግ የተገኘችው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ እሷን ለማግኘት 277 ሙከራ ተደርጓል።

ሁለተኛው የጂን አርትዖት ነው። በሕይወት ያለ ሕዋስ የሌላቸው፣ ነገር ግን ከአጥንታቸው ወይም ከቆዳቸው ዘረመላቸው የተነበበ እንስሳት ሲሆኑ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ዘመዳቸው ሕዋስ ይወሰድና የተመረጡ ጂኖቹ ወደ ጠፋው እንስሳ እንዲጠጉ ይለወጣሉ። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ክሪስፐር ይባላል፤ አሠራሩ በ2012 ይፋ ሆኖ ሁለቱን ሴት ሳይንቲስቶች፣ ጄኒፈር ዳውድናንና ኢማኑኤል ሻርፓንቲየን፣ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አሸልሟቸዋል።

ሦስተኛው ምህንድስና የሌለበት፣ ከብት አርቢ ሁሉ የሚያውቀው ማዳቀል ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ፣ መስመሩ ከአንገትና ከትከሻው የማያልፍ ኳጋ የተባለ የሜዳ አህያ ለመመለስ፣ መስመራቸው የሳሳ የሜዳ አህዮች እየተመረጡ ሲዳቀሉ ቆይተዋል። መልኩ ተቀራርቧል፤ ደሙ ግን የሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ከተገኘ ዳይኖሰርን መመለስ ለምን አይቻልም?

ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር የምንሠራው ሙከራ አለ። የበሰለ ሙዝ ይደፈጠጣል፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ጨውና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል፣ ከዚያም በሻሽ ይጠለላል። በጠለለው ላይ ከፋርማሲ የተገዛ የቀዘቀዘ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ ተደርጎ ሲፈስ፣ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ነጭ፣ እንደ ንፍጥ የሚያዝለግ ነገር መነሣት ይጀምራል። ተማሪዎቹ በስንጥር እየጠቀለሉ ሲያወጡት እንደ ጥጥ ፈትል ይሳባል። ይህ የብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት ዲኤንኤ አንድ ላይ ተሰብስቦ ነው፤ ከአንድ ትኩስ ሙዝ የተገኘ ስለሆነም ረጅምና ብዙ ነው።

ከጥንት አጥንት የሚገኘው እንዲህ አይደለም። እንስሳው ከሞተ በኋላ ውኃ፣ ሙቀትና ተሕዋስያን ዲኤንኤውን እየበጣጠሱት ከቆዩ በኋላ የሚቀረው በአሥሮች የሚቆጠሩ ፊደላት (የዲኤንኤ ቅንጣቶች በፊደል ይመሰላሉ) ብቻ የያዘ ቁርጥራጭ ነው። ተቀዳዶ ዝናብ የመታውን ትልቅ መጽሐፍ ከየጭቃው ለቅሞ መግጠም እንደማለት ሲሆን፣ ገጣጣሚዎቹም ቢሆኑ የት የቱን ማስቀመጥ እንዳለባቸው የሚያውቁት በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ዘረመል እንደ መሪ ሲኖራቸው ነው። በኒውዚላንድ ሞአ የተባለ የጠፋ ትልቅ ወፍ አጥንቶች ላይ በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአጥንቶቹ ውስጥ ከነበረው የዲኤንኤ ትስስር ግማሹ በ521 ዓመት ይፈርሳል፤ ከቀሪው ግማሹ ደግሞ በሚቀጥለው 521 ዓመት፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ቅዝቃዜ ይህን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ነው ማሞዝ የተባለው የጠፋ ጸጉራም የዝሆን ዘመድ ዲኤንኤው ከሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ የሚነበበው። እንደ ጅማ ባለ ሞቃትና ዝናባማ አገር አፈር ውስጥ የተቀበረ አጥንት ዲኤንኤው ቶሎ ያልቃል። እስካሁን ከተነበበው ሁሉ ጥንታዊው በ2022 ይፋ የሆነው፣ ከግሪንላንድ ደለል የተገኘው የ2 ሚሊዮን ዓመት ዲኤንኤ ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የሚነበብ ነገር አልቀረም።

ጥያቄ፦ እስካሁን በእርግጥ የተመለሰ የጠፋ እንስሳ አለ?

ለጥቂት ደቂቃዎች አንድ ነበረ። ታሪኩን ረዘም አድርጌ የምነግረው ለእኛ ስለሚቀርብ ነው።

ቡካርዶ በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር በሚገኙት የፒሬኔ ተራሮች ይኖር የነበረ የዱር ፍየል ሲሆን፣ ከእኛ ዋልያ ጋር በአንድ ወገን ይመደባል፤ እንደ ዋልያም ገደል ለገደል የሚኖር ነበር። አደን አመናምኖት በመጨረሻ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች፤ ሴሊያ ይሏት ነበር። በ1999 ተይዛ ከጆሮዋ ትንሽ ቆዳ ተወሰደላት፤ ሕዋሱ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀመጠ፣ እሷም የሬዲዮ መከታተያ አንገቷ ላይ ታስሮላት ተለቀቀች። በጃንዋሪ 2000 የወደቀ ዛፍ ተጭኗት ሞታ ተገኘች።

ተመራማሪዎቹ ከዚያች የጆሮ ቁራጭ ጽንስ አዘጋጅተው በ57 ፍየሎች ማሕፀን አኖሩ። ያረገዙት 7 ብቻ ነበሩ፤ 6ቱ አስወረዱ። የቀረችው አንዲቷ በጁላይ 30፣ 2003 በቀዶ ሕክምና ግልገል ተወለደላት። ግልገሏ ሳንባዋ ላይ እንደ ጉበት የጠጠረ ትርፍ ክፍል ስለነበረባት፣ አየር ለመሳብ ስትታገል በሐኪሞቹ እጅ ላይ ሞተች። አንድ ዝርያ ሁለት ጊዜ የጠፋው እንዲህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያዝነው ለሳንባዋ ነው። ከዚያ የከፋ ነገር ግን አለ፤ ግልገሏ ጤነኛ ሆና ብታድግም ኖሮ ወንድ አልነበረም። ከሴሊያ ሕዋስ የሚገኘው ሁሉ ሌላ ሴሊያ ነው። መቶ ቢሆኑም መቶ መንታ እህትማማቾች ናቸው እንጂ መንጋ አይሆኑም፤ አንዷን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል። የአንድ ዝርያ ሀብት የሚባለው ልዩነቱ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ እንስሳት በሕይወት ሳሉ ከእያንዳንዳቸው ካልተሰበሰበ በኋላ ከየትም አይመጣም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ2025 ተወለዱ የተባሉት ተኩላዎች ምንድን ናቸው?

ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዳየር ዎልፍ የተባለውን የጠፋ አውሬ መለስኩ ያለው ሦስት ቡችሎችን አሳይቶ ነው። ኩባንያው 13,000 ዓመት ከሆነው ጥርስና 72,000 ዓመት ከሆነው የራስ ቅል ዘረመል አስነበበ፤ ከዚያም ዛሬ በሕይወት ያለ የግራጫ ተኩላ ሕዋስ ወስዶ በ14 ጂኖች ላይ 20 ለውጥ አደረገና ጽንሱን በውሾች ማሕፀን አሳደገ። የግራጫ ተኩላ ዘረመል 2.4 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ሁለቱ ዝርያዎች ከተለያዩ ደግሞ፣ በ2021 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እኛ ዘንድ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። አጎትነቱ ሐሰት አይደለም፤ የተጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም። የእነዚህ ቡችሎች ጸጉር ነጭ፣ አካላቸው ገዘፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ሕዋሳቸው ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ግራጫ ተኩላ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የውሻ አስተኔ (ውሻ፣ ተኩላና ቀበሮ ያሉበት ወገን) ባለሙያዎች ቡድንም በዚያው በኤፕሪል 2025 ባወጣው መግለጫ፣ እንስሳቱ ዳየር ዎልፍም ሆነ የእሱ ምትክ ሊባሉ አይችሉም ብሏል። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ቢጠየቁ እንዲጽፉ የምፈልገውም "በጂን አርትዖት የተለወጠ ግራጫ ተኩላ" የሚለውን ነው።

ይህን ማለቴ ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። በአንድ ሕዋስ ላይ 20 ቦታ ለውጦ ጤነኛ እንስሳ ማግኘት ከ15 ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር። ቅር የሚያሰኘኝ ስያሜው ነው፤ "የጠፋ ተመለሰ" የሚለውን ዜና የሰማ ወጣት "እንግዲያው ቢጠፋስ ምን አለበት" ብሎ ሲያስብ በጆሮዬ ሰምቻለሁና።

ጥያቄ፦ ማሞዝስ መቼ ነው የሚወለደው?

ያው ኩባንያ የመጀመሪያውን ግልገል በ2028 አገኛለሁ ሲል አቅዷል። የሚወለደው ግን ጸጉር፣ ስብና ብርድ የመቋቋም ችሎታ የሚሰጡ የማሞዝ ጂኖችን የተቀበለ የእስያ ዝሆን ነው የሚሆነው። የመጨረሻዎቹ ማሞዞች በአርክቲክ ባሕር ውስጥ በምትገኘው የራንገል ደሴት ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት አልቀዋል፤ ግብፃውያን ትልልቆቹን ፒራሚዶች ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እናቲቱ ናት። የዝሆን እርግዝና 22 ወር ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ የእስያ ዝሆን ራሷ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት። ከቡካርዶው 57 እናቶች መካከል 56ቱ ምን እንደሆኑ እናስታውስ። ከዚያም በላይ ዝሆን ውኃ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን እንደሚሸሽ የሚማረው ከእናቱ፣ ከአክስቶቹና መንጋውን ከምትመራው አሮጊት ነው። ማሞዝ የሚያስተምረው ማሞዝ የለም።

ጥያቄ፦ ወፎችንስ በዚሁ መንገድ መመለስ ይቻላል?

እንደ ዶሊ ባለው መንገድ አይቻልም። የወፍ እንቁላል ትልቅ አስኳልና ቅርፊት ስላለው ኒውክለሱን አውጥቶ ሌላ መተካት አልተሳካም። ዶዶ የተባለውን የጠፋ ወፍ ለመመለስ የሚሞክሩትም በጽንስ ውስጥ ወደ ዘር ፍሬነት የሚለወጡትን ሕዋሳት በማረም በኩል ነው የሚሄዱት። ተጓዥ ርግብ የተባለችው የሰሜን አሜሪካ ወፍ ሌላ ጥያቄም ታስነሣለች። በቢሊዮን ትቆጠር የነበረችው ይህች ርግብ የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ በሴፕቴምበር 1፣ 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞተች። እጅግ ብዙ ሆና በአንድነት ትኖር የነበረች ወፍ አሥርና ሃያ ሆና ብትለቀቅ ትኖራለች ወይ? እኛም ብንሆን ዛፍ ከዛፍ እየዘለለ የሚኖረውን ጉሬዛ ጫካው ከተመነጠረ በኋላ ቢሰጡን የምናኖርበት ቦታ የለንም።

ጥያቄ፦ ይህ በፈጣሪ ሥራ ጣልቃ መግባት አይደለምን?

በሃይማኖት በኩል ያለውን መልስ የሚሰጡት ካህናቱና ሼሆቹ ናቸው፤ እኔ በእነሱ ቦታ አልናገርም። የእኔ ድርሻ ሥራው ምን እንደሆነ ሳልጨምር ሳልቀንስ መንገር ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ከምንም የሠራ ሳይንቲስት የለም፤ ከላይ በተዘረዘረው ሁሉ የተጀመረው በሕይወት ካለ ሕዋስ፣ በሕይወት ካለ እንቁላል፣ በሕይወት ካለች እናት ነው። የእንስሳቱን ሥቃይ በተመለከተ ግን ሃይማኖተኛውም ሆነ ሳይንቲስቱ እኩል መጠየቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ለአገራችን እንስሳት የሚፈይደው ነገር አለ?

አለ፤ እውነተኛው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ጠፍቶ ያለቀውን ሳይሆን እየጠፋ ያለውን ለመያዝ ሲውል ውጤት ታይቷል። ባለ ጥቁር እግር ፌሬት የምትባለው የአሜሪካ ትንሽ አውሬ ዛሬ ያለችው ከ7 እንስሳት ብቻ በተገኘ ዘር ነው። በ1988 የሞተች፣ ዘር ያልተወች ዊላ የምትባል ሌላ ፌሬት ግን ሕዋሷ በሳንዲያጎ በረዶ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ከእሱ ኤልሳቤጥ አን በዲሴምበር 2020 ተወለደች። ኤልሳቤጥ አን ልጅ አልወለደችም፤ ከዚያው ሕዋስ በ2023 የተወለደችው እህቷ አንቶኒያ ግን በ2024 ወልዳለች። ጠፍቶ የነበረ ደም ወደ መንጋው ተመለሰ ማለት ይህ ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ፣ የመጨረሻው ወንድ ሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ ሱዳን በማርች 2018 ከሞተ በኋላ የቀሩት ልጁ ናጂንና የልጅ ልጁ ፋቱ ናቸው፤ ሁለቱም ማርገዝ አይችሉም። ከፋቱ እንቁላልና በሕይወት ሳሉ ከወንዶቹ ተወስዶ ከተቀመጠ ዘር ጽንስ ተዘጋጅቶ በደቡባዊ ነጭ አውራሪስ ማሕፀን ለማሳደግ እየተሞከረ ነው።

የእኛው ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ ቁጥሩም በመቶዎች ነው። ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሰ ጎልማሳ ቀርቶታል፤ ዋና ገዳዩ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ሆኖ በባሌ ከ2018 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ለእነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ጠባቂ፣ ግጦሽና ክትባት ነው። ከዚያው ጎን ለጎን ግን ከብዙዎቹ ላይ ቅንጣት ቆዳ ወስዶ ማስቀመጥ ቢጀመር፣ የሴሊያ ዓይነት ጸጸት ውስጥ አንገባም።

ጥያቄ፦ ሕዋስ ማስቀመጥ እዚህ አገር ሊሠራ ይችላል?

ሥራው ለገበሬው እንኳ አዲስ አይደለም። ላም ሊያዳቅል የሚመጣው ባለሙያ የሚይዘውን ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጉም የሚወጣውን ኮንቴይነር ያላየ ጥቂት ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ የሴሊያ ጆሮም የተቀመጠው በዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው። የሚያስቸግረው ናይትሮጅኑ ሳይተጓጎል መሞላቱ ነው።

ተማሪ ሳለሁ በረዳትነት የሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ ነበር። መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆበት፣ ሰኞ ጠዋት የፍሪዘሩን በር ስከፍት ወለሉ ላይ የቆመው ውኃ ጫማዬን አራሰው። የሦስት ዓመት ናሙና የያዙት ትናንሽ ጠርሙሶች በውኃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር፤ ጽሑፋቸው ለቋል። ያን ቀን ያወቅኩት ነገር ቢኖር ዘረመልን ማቆየት ማለት በየሳምንቱ የሚከፈል የጥገናና የጥበቃ ሥራ መሆኑን ነው።

በዚህ ረገድ ጅማ ለሌላው የምታሳየው ነገር አላት። የቡና ፍሬ እንደ ስንዴና እንደ ጤፍ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ዓመት አይቀመጥም፤ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በጎማ ወረዳ ጮጬ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች የተጠበቁት በማሳ ላይ፣ በሕይወት ያሉ ዛፎች ሆነው ነው። እየተኮተኮቱ፣ እየተገረዙ፣ ያረጀው እየተተካ ይኖራሉ። ተማሪዎቼን ስለ እንስሳ ሕዋስ ባንክ ሳስተምር የምጀምረው ከጮጬ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የተለወጠ እንስሳ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ይችላል?

ያለ ፈቃድ አይችልም። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በ896/2007 ተሻሽሎ (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው) ልውጠ ሕያዋንን (ዘረመላቸው በምህንድስና የተለወጠ ሕያዋንን) ማስገባትም ሆነ መልቀቅ አስቀድሞ በሚሰጥ ፈቃድ እንዲሆን ያዝዛል። ማሻሻያው ከመጀመሪያው የላላ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በ2018 (በጎርጎርዮሳዊው) ልውጠ ሕያው ጥጥ እንዲመረት ተፈቅዷል።

ጥያቄ፦ አያቴ ቤት የተሰቀለ የጎሽ ቆዳ ጋሻ አለ፤ ከሱ ጎሽ ማስነሣት ይቻላል?

ይህን የጠየቀችኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጋሻውንም በፎጣ ጠቅልላ አምጥታው ነበር። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣ ጀርባው ላይ የእጀታው ጠፍር አለ፣ በጠፍሩ ሥር ጥቂት ጥቁር ጸጉር ቀርቷል። ከደረቀ ቆዳ በሕይወት ያለ ሕዋስ አይገኝም፤ ስለዚህ ክሎን ሊሆን አይችልም። ሊነበብ ግን ይችል ይሆናል። በ1984 ከጠፋ እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲኤንኤ የተነበበው ሙዚየም ውስጥ ከተቀመጠ የኳጋ ቆዳ ላይ ከቀረ የደረቀ ሥጋ ነበር፤ ኳጋው የሜዳ አህያ ወገን መሆኑ የተረጋገጠውም በዚያ ነው። ከጋሻው ሥር ያለው ጸጉር በዚያ ዘመን በዚህ አካባቢ የነበሩት ጎሾች ዛሬ በሕይወት ካሉት ከየትኞቹ ጋር እንደሚዛመዱ ሊናገር ይችላል።

ለዚህ ጋሻው ደረቅ ቦታ፣ ከጢስና ከምስጥ ርቆ፣ ቅባትና ቀለም ሳይነካው መቀመጥ አለበት። ተማሪዋን ግን ከዚያ በፊት ወደ አያቷ መለስኳት፤ ጎሹ የት ወንዝ ዳር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተገደለ ጠይቃ እንድትጽፍ። በሳምንቱ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛ መጣች፤ የወንዙ ስም ጊቤ ነበር፣ ዓመቱን ግን አያትዬው "ጣልያን ሳይገባ" ብለው ነው የነገሯት።